ሃያ ሰው የሚኖርበት ግቢ

እንዴት ደስ የሚል ቤት ነው፣ እህቴ። ገና ከበሩ ሲደርሱ ብርሃኑ ራሱ ግቡ ግቡ ይላል። አንቺ ልበልሽ አይደል? አንቱታ በእኛ መሥሪያ ቤት ቀርቷል፤ ያስቀረውም ባልሽ ነው። አይ፣ እንዲህ ጫፉ ላይ ይበቃኛል፣ አትጨነቂ። ሰፊ ሶፋ መሃል መቀመጥ አልችልበትም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ቤት ስገባ እጄን የት እንደማኖረው ይጠፋኛል። ሻዩን ግን እቀበልሻለሁ፤ ቢያንስ እጄ ሥራ ያገኛል።

መጋረጃውን አንቺ ነሽ የመረጥሽው? ... እሱ ነው? ጠርጥሬ ነበር። ቀለም መምረጥ እንደ እሱ ማን ይችላል። ካርታ ላይም እንዲሁ ነው፤ የት ጋ ቀይ፣ የት ጋ አረንጓዴ እንደሚያምር አንዴ አይቶ ያውቀዋል። ከቀዩ ሥር ሰው ይኑር አይኑር ሌላ ጉዳይ ነው... የሥራ ቀልድ ነው፣ ተይው።

ስልክ ላይ ነው? ይጨርስ፣ ይጨርስ። ሹም ሆኖ ስልክ ካልበዛበት ምኑን ሹም ሆነ። የእሱን ክፍል በር ገርበብ እንዳለ ተይው፤ ነፋስ ያስገባልናል። ቅዳሜ ከባልደረቦቻችን ጋር ልመጣ ነበር። ሰው ሲበዛ አፌ ስለሚተሳሰር ይኸው ብቻዬን መጣሁ። እንኳን ደስ አላችሁ። የወሰን ጥናት ኃላፊ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። የከተማው ዳር እዚህ ጋ ነው ብሎ ጣት መቀሰር... ድሮ እግዜር ብቻ ይሠራው የነበረ ሥራ ነው።

ከዚህ መስኮት እስከ ዳር ያሳያል አይደል? ያ ሁሉ ክሬን፣ ያ ሁሉ ያላለቀ ፎቅ፣ እኔ ሥራ ስጀምር እርሻ ነበር። ይህ ከተማ እንደ ጎረምሳ ልጅ ነው፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ይልበታል። እኛ ደግሞ ልብስ ሰፊዎቹ ነን። ስንት ሰው እንዳለ እንገምታለን፣ በዚያው ልክ ወሰኑን እንለቅለታለን። አንድ በአንድ መቁጠርማ ማን ይችላል? ቆጥረሽ ሳትጨርሺ አንዱ ይወለዳል፣ አንዱ ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ ይወርዳል። ስለዚህ ከላይ እናያለን። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ይመጣልናል፣ ጣሪያውን እንቆጥራለን፣ እያንዳንዱን ጣሪያ በአምስት እናባዛለን። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ቤተሰብ፣ አምስት ሰው። ስትሰሚው ቀላል ነው አይደል? የሚያቀለው ከላይ መሆኑ ነው። ከላይ ለሚያይ ሰው የማይቀል ነገር የለም።

ታዲያ በዚህ ሥራ እኛ ዘንድ አንድ የተባረከ ሰው አለ። ስሙን አልጠራልሽም፤ የሰው ስም ማንሳት አልወድም። ባልሽ ግን ያውቀዋል፤ ከባልሽ ይበልጥ የሚያውቀው ያለም አይመስለኝ። እንዴት ያለ ዓይን ሰጥቶታል መሰለሽ። አባቶች ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ ይቀልዱ ነበር። እሱ ራሱ ሰማይ ላይ ሆኖ ላም አየ፤ አይቶም አልቀረ፣ ቤተሰብ ናት አላት። አምስት ሰው። ... አትሳቂ፣ እውነቴን ነው።

በከተማው ዳር፣ ከወንዙ ማዶ፣ አንዲት መንደር አለች። እዚያ በየግቢው ሰው የሚተኛበት አንድ ጣሪያ ብቻ ነው፤ ማድ ቤቱ ለብቻው፣ በረቱ ለብቻው፣ የዶሮ ቤቱ ለብቻው ይሠራል። ሁሉም ቆርቆሮ ነው፣ ሁሉም ከላይ ሲታይ ያብለጨልጫል። የኛ ሰው አራቱንም ቆጠረ። ማድ ቤቱ አምስት ሰው፣ በረቱ አምስት ሰው፣ የዶሮ ቤቱ አምስት ሰው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እሱ የብብቱን ከጣለ ቆይቷል፤ የቆጡን ግን አንድ ሳያስቀር ዜጋ አደረገው። መንደሯ በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት እጥፍ ሆነች። እንዲህ ያለ መብዛት በምጥ አይገኝም።

ከዚያ ምን ተባለ መሰለሽ? በጣም የተጨናነቀ መንደር ተባለ። ያን ያህል ሰው በዚያች ጠባብ ቦታ እንዴት ይኖራል ተብሎ ታዘነለት። ወደ ከተማው ወሰን ይግባ፣ ከገባ በኋላም ሰፊ መንገድ ይቀደድለትና ይተንፍስ፣ ከሁሉ በላይ የተጨናነቁት ግቢዎች አስቀድመው ይነሡ ተባለ። ርኅራኄ ነው እንግዲህ። አንዳንዱ ሰው ርኅራኄው የሚመጣበት ከሩቅ ነው።

ይህ በተባለበት የቢሮ ስብሰባ ላይ አንዲት ልጅ ነበረች። ልጅ ስልሽ... የእኔ እኩያ ናት። ተምራለች፣ ሥራዋንም አታጠፋም፤ ግን ዓይን አፋር ቢጤ ነች። ለመናገር እጇን ስታወጣ እጁ የሌላ ሰው ይመስል ራሷ ትደነግጣለች። የዚያን ቀን ግን አወጣች። እነዚህ ትንንሾቹ ማድ ቤትና በረት ቢሆኑስ ብላ ጠየቀች። ሰውየው ፈገግ አለ፤ ፈገግታ ደግሞ ያምርበታል። «እኔ ምን አውቄ፣ የአስፋልት ልጅ ነኝ» አለ። «አንቺ በረት ውስጥ ነው እንዴ ያደግሽው?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷም አብራ ሳቀች። ዓይን አፋር ሰው ሲቀለድበት አብሮ ይስቃል፣ ሰው እንዳያስቸግር።

የአስፋልት ልጅ... ደስ የሚል አነጋገር አይደለም? የትውልድ ቦታውን ራሱ የሚመርጥ ሰው ምን ይቸግረዋል። እኛ ደካሞቹ እናቶቻችን በወለዱበት ተወልደን ቀረን።

ልጅቷ ግን ከእነዚያ የዶሮ ቤቶች አንዱን ታውቀዋለች። ሰውየው ራሱ ነው የሠራው፣ በልጅነቱ፣ ከቤታቸው ክዳን በተረፈ ቆርቆሮ። አንዱ ጎኑ አዘምሟል። ከሰማይ ሲታይም ያዘመመ ነው።

ምነው? ... የእኔን ነው? አይ፣ ስኳሩ ይበቃኛል። ፊቴ ቀላ? ሙቀቱ ነው። ይህን ነገር ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ልጅቷ አደራ ብላኛለች። ቆይቷል ደግሞ፣ የእናንተን ጋብቻ ሁሉ ይቀድማል።

ያኔ ሰውየውና ልጅቷ... እንዴት ልበልሽ። ሊጋቡ ነው የሚል ሰው ነበር። አንድ እሑድ እናቱ ዘንድ ወሰዳት። እናቱ ከማድ ቤት ብቅ ሲሉ እጃቸው እርጥብ ነበርና ልብሷን እንዳያበላሹ በክንዳቸው አቀፏት። ማነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ አላሉም። «ምራቴ» አሏት፣ በቃ። አንድ ቃል ነው፤ አንድ ቃል የሚበቃው ሰው ደግሞ አለ። ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ሰውየው ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ዛሬ ያየሽውን ለማንም አትንገሪ አላት። ብዙም ሳይቆይ እሷኑ ራሷን ተዋት። ይፈረድበታል? ያን ግቢ ያየ ዓይን በየማለዳው ትራስ ላይ ሲያየው እንዴት ይችለዋል። ሰው ቤት ሲቀይር አሮጌ ዕቃውን ሁሉ ይዞ አይሄድም።

ልጅቷ እንግዲህ ቁርጡን ልንገራቸው ብላ ብቻዋን ወደ መንደሯ ሄደች። እሳቸው በር ላይ ቆመዋል። ልጄ ደኅና ነው፣ እሱ ነው የላከሽ ብለው ጠየቋት። ልቧ ሌላ ሊል ነበር፤ አፏ ግን አዎ እሱ ነው አለ። ይኸው እስከ ዛሬ እሱ እንደላካት ነው። ሳሙና ከልጅዎ፣ ስኳር ከልጅዎ፣ የክረምት ሹራብ ከልጅዎ። ዓይናቸው ሲደክም መነጽር ከልጅዎ። ለምን አይመጣም ሲሏት ሥራ ትላለች። ሥራው ምንድን ነው ሲሏት ከተማውን ያሰፋል ትላለች። እሳቸውም፣ ይህን ያህል ካሰፋው እኔ ዘንድ መድረሱ አይቀርም ይላሉ።

ምራት ናት ብለው ስለሚያምኑ ልጅ ባለመውለዷ ያዝናሉ። ስትሄድ እጇን ይዘው፣ አይዞሽ፣ እግዜር በጊዜው ይሰጣል፣ የእኔም ሆድ ዘግይቶ ነው የተከፈተው ይሏታል። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። በሌለ ትዳር መካን ሆነች እንጂ ሌላ ምን ሆነች።

ሰውየው ግን ምን ያለ ዕድለኛ ነው። በዚያ መንደር ስሙ ሲነሳ እናቶች ልጆቻቸውን ይቆጣሉ፤ አንተስ እንደ እሱ በሆንክ እያሉ። ሌላው ሰው ስሙን ለማሳመር ስንት ይደክማል። የእሱ ስም እሱ ሳያውቅ በሰው እጅ ታጥቦ ተተኩሶ ይቀመጥለታል። እናቱም ዝም አይሉም፤ እንቁላል ይልኩለታል። ልጅቷ ምን ታድርገው? ቀቅላ ቢሮ ታመጣለች፣ ከዘመድ ነው ብላ ለሁሉም ታድላለች። እሱም ይበላል። እንዲህ ያለ እንቁላል ከተማ ውስጥ አይገኝም እያለ ጨው ነስንሶ ይበላል። በኋላ እነዚያን ዶሮዎች አምስት ሰው ናቸው ብሎ ሲቆጥር፣ ልጅቷ ምን እንዳሰበች ታውቂያለሽ? ውለታቸውን መለሰላቸው አለች።

... ስልኩ ያለቀ መሰለኝ። ድምፁ ጠፋ። አይ፣ እያዳመጠ ይሆናል። ኃላፊ ሰው ማዳመጥ ይወዳል።

ስለ እናት ካነሳን አይቀር፣ ባልሽ እናት አባቱን በሕፃንነቱ ነው ያጣው አሉ። ሰርጋችሁ ላይ በወላጅ ቦታ የቆሙት የቀድሞው አለቃችን ነበሩ። አንቺማ ስንት ጊዜ አልቅሰሽለት ይሆን። ጓደኞችሽ ግን አማት የሌለበት ቤት ገባች፣ ታድላለች ሳይሉሽ አይቀሩም። ሰው እንዲህ ነው፣ የሌለውን አይቶ ይቀናል።

ወደ መንደሯ ልመለስልሽ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባላል። ሃያ ሰውስ ለአንዲት አሮጊት? የእሳቸው ግቢ በጥናቱ ሃያ ነዋሪ አለው፤ አራት ጣሪያ፣ በአምስት። እሳቸው ግን ብቻቸውን ናቸው፤ አንዲት ላምና ጥቂት ዶሮ አላቸው። በዚያች ጠባብ ግቢ ሃያ ሰው ስላለ ከሁሉ የተጨናነቀው የእሳቸው ሆነ። ከሁሉ የተጨናነቀው ስለሆነ የሚፈርሰው የሚለይበት ቀይ ቀለም አስቀድሞ የተቀባው የእሳቸው አጥር ነው። ብቸኝነታቸው በዝቶ ተፈረደባቸው። እስቲ ይህን አስቢ፤ አንዲት እናት በልጇ ቤት ምንም ሆና፣ በልጇ ቢሮ ሃያ ሆነች። አማካዩን ካወጣሽውማ ደኅና ነች።

ሕግ እንኳ አለን። ከላይ ያየነውን ምክር ቤት ከማቅረባችን በፊት በእግር ሄደን፣ በር አንኳኩተን ማረጋገጥ አለብን። ሰውየው፣ ወደዚያች መንደር እኔው ራሴ እሄዳለሁ፣ ለሌላ ሰው አምኜ አልሰጣትም አለ። ሄዶም ተመለሰ፤ ደርሼ አይቻለሁ፣ ነዋሪዎቹንም አነጋግሬያለሁ አለ። ያን ቀን ልጅቷ ፈቃድ ወስዳ እዚያው ነበረች፤ የሚያፈሰውን ክዳን በአናጢ ታስደፍን ነበር። በር ያንኳኳ አልነበረም። ከድልድዩ ወዲህ ግን አንዲት የመሥሪያ ቤት መኪና ሞተሯ ሳይጠፋ ቆማ ነበር። ቆመች፣ ቆመች... ተመልሳ ሄደች።

እንዴትስ ይሻገር? ቢሻገር አንዲት አሮጊት በቤት ስሙ እየጠሩት ይወጣሉ፣ ሹፌሩ እየሰማ። ሌላው ሰው የሚሳሳተው ባለማወቅ ነው። እሱ ላለማወቅ የደከመውን ድካም እኔ ለዲግሪዬ አልደከምኩም። አድንቂው እንጂ፣ እህቴ፤ እኔ አደንቀዋለሁ።

ልጅቷ ባለፈው ስትሄድ እሳቸው አጥሩ ላይ ያለውን ቀለም በእርጥብ ጨርቅ ሲያሹ አገኘቻቸው። አይለቅም። ሃያ ሰው አለ ብለው ነው አለቻቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ የጎረቤቱን ሰው ጠርተው፣ ኑና እንግዶቼን እዩልኝ እስኪሉ ሳቁ። ከዚያ ጨርቁን ጨምቀው አሰጡ። በኋላ ምን አሉ መሰለሽ?

«የቆጠረው ሰው ይምጣና ያሳየኝ። ከሃያው ውስጥ ልጄ የትኛው ነው?»

... ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ።

ምትክ ቤትማ ይሰጣቸዋል። ፎቅ ላይ አንድ ክፍል፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ። ላሟ ግን አይፈቀድላትም፣ ዶሮዎቹም። ለአሥራ አምስቱ ነዋሪዎች ቦታ አልተያዘላቸውም ማለት ነው። አሁን በደጃቸው ሆነው ወንዙን፣ ድልድዩን፣ አላፊውን ሁሉ ያያሉ፤ ልጄ ከመጣ በዚህ ነው የሚመጣው ይላሉ። ፎቁ ላይ በየት በኩል እንደሚጠብቁት ማን ይነግራቸዋል?

ሰኞ ጥናቱ ምክር ቤት ይቀርባል። ከጸደቀ አለቀ። እስከዚያ ድረስ ግን ሰውየው አንዲት ነገር ቢናገር ይበቃል። ወንዙን አልተሻገርኩም፣ ያቺ መንደር እንደገና ትታይ ቢል፣ ሌላ ሰው ሄዶ በር ያንኳኳል፣ አራቱ ጣሪያ አንድ ቤት ይሆናል፣ ቀዩ ቀለም ይነሣል። የት እንደተወለደ መናገር እንኳ የለበትም። የአስፋልት ልጅ እንደሆነ ይቅር፤ ማን ይከለክለዋል።

ልጅቷማ ምን ትላለች። እስከ ዛሬ ዝም ያለች ሴት ነች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ልናገር ብትል አፏ ይተሳሰራል፣ ታውቀዋለች። ሌላ ነው ያሰበችው። የሰኞው ስብሰባ ለነዋሪ ክፍት ነው፤ እሳቸው ደግሞ ነዋሪ ናቸው፣ ያውም ሃያ። ማልዳ ሄዳ ታመጣቸዋለች፤ ፊት ለፊት ረድፍ ላይ ታስቀምጣቸዋለች። መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ ልጄ የላከልኝ ነው እያሉ። ቢደክማቸውም ዓይናቸው ነው፤ ጆሯቸው ደኅና ነው። ጥናቱን የሚያቀርበው ሰው አፉን ሲከፍት...

ያ ወንበሩ ላይ የተሰቀለው ኮት ለሰኞ ነው? አንቺ ነሽ ያስተኮስሽው? ያምራል። ከፊት ለተቀመጠ ሰው ጎልቶ ይታያል።

አንቺም ነይ እንጂ። እውነቴን ነው፣ ለባልሽ ክብር ነው። ከአሮጊቷ አጠገብ ቦታ አስይዝልሻለሁ። ጥሩ ሴት ናቸው፤ ሰው የሚያቅፉት ምንም ሳይጠይቁ ነው። ምራቴ ሊሉሽ ይችላሉ፤ ግር አይበልሽ፣ ዓይናቸው ደክሟል። ... ምነው እህቴ? ቁጭ በዪ፣ ቁጭ በዪ። ሻዩን እኔ አነሣዋለሁ።

አይ፣ አትጥሪው። ሥራ ላይ ነው፣ እኔም ልሂድ። ብዙ አወራሁብሽ፤ እንዲህ ማውራት እንደምችል እኔም አላውቅም ነበር። ብቻ ሳልመርቃችሁ አልወጣም። ከዚሁ ሆኜ ልመርቅ፤ በሩም ክፍት ነው፣ ለእሱም ይሰማል።

ቤታችሁን ሙሉ ያድርግላችሁ። ጣሪያው የማያፈስ፣ ደጁ ዘመድ የማያጣ ያድርግላችሁ። ልጆች ይስጣችሁ፤ አባታቸውን የሚመስሉ፣ በመልክም በጠባይም። ለባልሽ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ፀጉሩ እስኪነጣ፣ ዓይኑ እስኪደክም፣ በር በሩን ማየት እስኪጀምር ያኑርልኝ። ያን ጊዜ ልጆቹ፣ እሱ ለእናቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሆነላቸውን ሁሉ፣ አንዳች ሳያጎድሉ ለእሱም ይሁኑለት።

አሜን በዪ እንጂ፣ እህቴ።